«የለም» ያልኩት ብረት

መጀመሪያ የጠፋው ነጠላ ጫማዬ ነው።

ቶሮንቶ፣ ደንፎርዝ መንገድ ላይ ባለው ሱቄ ሻንጣና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። አንድ ጠዋት ለወንድሟ ሠርግ አገር ቤት የምትሄድ ደንበኛ መጣችና ትልቁን ሻንጣ ከጓዳ አወጣሁላት። ሴትዮዋ ሻንጣውን ትታ እግሬን አየች።

«ጋሼ፣ ያንዱ እግርዎ ጫማ የት ሄደ?» አለችኝ።

ወደ ታች ሳይ ግራ እግሬ ባዶውን ነው። ጫማው ጓዳው በር ላይ ወልቆ ቀርቷል። በዚያ በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ስድስት ሰባት ርምጃ በባዶ እግሬ ሄጃለሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ሁለታችንም ሳቅን። ሻንጣውንም ገዛች። እግሬ እንደ ተሰናበተኝ አልገባኝም።

ይህን የምጽፈው በሰውነታቸው ውስጥ ብረት ይዘው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። በዚህ ከተማ ብዙ እንደሆንን አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ገብተን ወንበር ስንመርጥ፣ ቁጭ ስንል በየትኛው ጎናችን ዘንበል እንደምንል ሳይ እለያችኋለሁ። አንጠያየቅም። እኔም አልተጠየቅኩም፤ ብጠየቅም እዋሽ ነበር። ውሸቴ ምን እንዳስከፈለኝ ነው የምነግራችሁ።

የቤተሰብ ሐኪሜ «ሳያቲካ ነው» አለኝ። የወገብ ነርቭ ተቆንጥጦ ነው ማለቱ ነው። የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ፣ ወገቤን የማፍታታበት እንቅስቃሴ የተሳለበት ወረቀት ጨመረልኝ። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት፤ እሱም ተለጥፎ ቀረ። ሚስቴ ገነት የጸሎት ቡድኗን ሰበሰበች። እኔ ደግሞ ቀበቶዬን አጠበቅኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰብዌይ ደረጃ ስወጣ የግራ እግሬ ጣቶች አልነሣም ብለው ደረጃውን መቱና በግንባሬ ተደፋሁ። የነርቭ ሐኪሙ ስሙን ነገረኝ፤ «ፉት ድሮፕ»። እግሬን ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ ትእዛዝ አይደርሰውም ማለት ነው። ቀጥሎ ሽንቴ ሲቸግረኝ ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። የወገብ ኤምአርአይ፣ በማግኔት የሚነሣውን ምስል፣ ቶሎ ይነሣ ብሎ ጻፈ።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሌላ ሕዝብ የሚሠራው አይመስለኝም።

ሆስፒታሉ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንመድብልህ» አለኝ። ነፃ ነው። ነፃ ነገር እምቢ ብዬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እምቢ አልኩ። አስተርጓሚው ማን ሊሆን እንደሚችል እናንተም ታውቃላችሁ። እሑድ ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው ነው፣ ወይም ያማቱ ልጅ ሱቄ የምትመጣ ሰው። ደግሞስ በጦርነቱ ጊዜ የየትኛው ወገን ነበር? ስለዚህ እንደ ሁላችን አደረግኩ። ልጄን ሳሮንን ይዤ ሄድኩ። ቶሮንቶ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ። አማርኛዋ የቤት ነው፤ ምግብ፣ ሰላምታና ቁጣ ይበቃዋል። ለባዳ መናገር የፈራሁትን ለገዛ ልጄ ጭራሽ እንደማልናገረው አላሰብኩበትም።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ፎርሙን ይዛ ትጠይቀኛለች።

«አባ፣ ፔስሜከር አለህ?»

«የለም።»

«ጆሮህ ውስጥ ኢምፕላንት?»

«የለም።»

«ቡሌት፣ ኦር... ሽራፕኔል። ሽራፕኔል በአማርኛ ምንድን ነው?»

ፍንጣሪ ነው። ይህን ቃል ሠላሳ ስድስት ዓመት ሁለተኛው የወገቤ አከርካሪ አጠገብ ተሸክሜዋለሁ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። «የለም በይ።»

የለም ያልኩበትን ምክንያት ሳልነግራችሁ ብቀጥል ትዘልፉኛላችሁ። መድፈኛ ነበርኩ። በሰሜን፣ በደርግ መጨረሻ፣ በሃያ ዓመቴ። መቶ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር መድፍ ላይ አነጣጣሪ ነበርኩ፤ ሜዳሊያም ተሸልሜያለሁ። ናይሮቢ የስደተኛ ፎርም የሚሞላልን ሰውዬ «ወታደር ነበርኩ ካልክ ይመረምሩሃል፤ መድፈኛ ነበርኩ ካልክ ደግሞ እኔና አንተ አንተዋወቅም» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነጋዴ ነኝ ብዬ አስጻፍኩ። ካናዳ ደረቴን በራጅ አይታ አስገባችኝ፤ ስለ ወገቤ አልጠየቀችኝም። ለገነት ጠባሳውን በሬ ወጋኝ አልኳት። ውሸት እንደ ዕቃ ነበር የሚመስለኝ፤ አንዴ ከሸጥከው አይመለስም ብዬ።

የኤምአርአይ ባለሙያዋ እንደገና ጠየቀችኝ፤ እርግጠኛ ነዎት? እርግጠኛ ነኝ። ሦስተኛም ጠየቀችኝ። ጋውኑ ከኋላ ክፍት ስለሆነ ጠባሳዬን እንዳታይብኝ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። ዓይናፋር መሰልኳት መሰለኝ፣ ፊቷን አዞረችልኝ።

አስገቡኝ።

ማሽኑ መደብደብ ጀመረ። ቆመ። እንደገና ደበደበ። የጆሮ መከላከያ ሰጥተውኛል፤ መድፉ ላይ ማንም አልሰጠኝም። ወገቤ ውስጥ አንድ ቦታ ሞቀ። ከዚያ ተሳበ። ብዙ አይደለም። የሩዝ ፍሬ ያህል። በሁለቱም እግሮቼ እሳት ወረደ። ጮኽኩ። የሚሰማ የለም። እጄ ላይ ያለውን የመጥሪያ ላስቲክ ጨመቅኩ። ማሽኑ ቆመ። እሳቱም ጠፋ። እግሮቼም አብረው ጠፉ።

ሲያወጡኝ ጋውኑ ርሶ ነበር። አላወቅኩም። ያወቅኩት ሳሮን ዓይኗን ከእኔ ላይ ስታነሣ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ፤ ራጅና ሲቲ ስካን አነሡኝ። ቀዶ ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን፣ ፈገግታ የማታባክን ሴት ነበረች። ምስሉን አሳየችን። ነጭ አጥንት፤ አጥንቱ አጠገብ ከአጥንቱ የነጣ፣ የጥፍር ያህል ጠርዘ ሹል ነገር።

«ዳድ፣ ዋት ኢዝ ዛት?» አለች ሳሮን።

«ድሮ ጋራዥ ሠርቼ ነበር» አልኩ። አዎን፣ እዚያም ላይ ዋሸሁ። በሬውን ብረት ማድረግ ስላልቻልኩ ጋራዥ ከፈትኩ።

ሐኪሟ ባለመታለል የሠለጠነች ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ስልክ አስቀመጠች።

«ይህ ኮዳ ኢኩዋይና ይባላል» አለችኝ። «ወደ እግርዎና ወደ ፊኛዎ የሚወርዱት ነርቮች እየታፈኑ ነው። ጊዜ የለንም። እኔ ፖሊስ አይደለሁም፣ ኢሚግሬሽንም አይደለሁም። የምቆርጠው ምን እንደሆነ ይንገሩኝ። ሊፈነዳ የሚችል ነገር ነው? ሌላም አለ? አንገትዎ ውስጥ? ዓይንዎ ውስጥ?»

እንግሊዝኛዬ ሻንጣ ይሸጣል፤ አከርካሪ አይገልጽም። ስልኩ ላይ ያለችው አስተርጓሚ የትልቅ ሴት ድምፅ አላት። ስሟን መናገር ስለማይፈቀድላት ቁጥሯን ነገረችኝ። «የሚሉትን ሁሉ እተረጉማለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ ለማንም አልናገርም» አለች። ሐኪሟ ሳሮንን ውጪ አለቻት። ሳሮን ካፖርቴን እንዳቀፈች «አይ አም ስቴይንግ» ብላ ቆመች።

«የሞርታር ፍንጣሪ ነው» አልኩ። «ሦስት ነበሩ። ሁለቱን ጦር ሜዳ ሆስፒታል አወጡ። ይህን ዶክተሩ ከነካሁት አትሄድም ብሎ ተወው። አይፈነዳም። ሌላ የለም።»

የተጠየቅኩት ይኸው ነበር። በዚህ መቆም ይበቃኝ ነበር። አልቆምኩም። ገነት መንፈስ ቅዱስ ነው ትላለች፤ እኔ የሰጡኝ ሞርፊን ይመስለኛል።

ከመቁሰሌ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። የጠላት ጦር የእግረኛ ምሽጋችን ውስጥ ገብቷል። በሜዳ ስልክ ትእዛዝ መጣ፤ አራት መቶ ቀንስ። አራት መቶ ሜትር ሲቀነስ የገዛ ምሽጋችን ላይ ነው። «እዚያ የእኛ ልጆች አሉ» አልኩ። መቶ አለቃው «ነበሩ» አለኝ።

ነበሩ አይደለም። አሉ። ሬድዮው ክፍት ነው። አንድ ልጅ ከምሽጉ፣ ተኩሱን አርቁልን ብሎ ይጮኻል፤ «አርዝሙ! አርዝሙ!» አነጣጣሪ ነኝ። ሌላው ያጎርሳል፣ ሌላው ይተኩሳል፤ የት እንደሚወድቅ የሚወስነው ግን የእኔ እጅ ነው። የማነጣጠሪያውን መንኰራኩር አዞርኩ። ቀነስኩ። ተኮስን። «አርዝሙ!» ተኮስን። በስድስተኛው እሩምታ ላይ ልጁ ዝም አለ። እኛ እስከ አሥራ አንደኛው ቀጠልን።

ጥቃቱ ተሰበረ። ሜዳሊያ መጣልን። የእኔን፣ ቆስዬ ሆስፒታል አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ ስለነበር ትራሱ ላይ ሰኩልኝ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ከዚያው ምሽግ የተረፈ እግረኛ ነበር። ዓይኖቹ ታስረዋል፣ ሁለቱም እጆቹ ከክርን ተቆርጠዋል። ጭብጨባውን ሰምቶ «ምድብህ ምንድን ነው ወንድሜ?» አለኝ።

«ሾፌር ነኝ» አልኩ።

«እንኳን ሆንክ» አለ። «መድፈኛ ብትሆን ጥርሴ አለኝ፣ በጥርሴ እገድልህ ነበር» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀን ከሌት አጠገቡ ተኝቼ አሥራ ሦስት ቀን ሾፌር ነበርኩ። ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ይመርቀኛል። ናይሮቢ ስደርስ ነጋዴ የሆንኩት ልምድ ስላለኝ ነው። ሜዳሊያውንም መንግሥት ሲወድቅ በአንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ለወጥኩት፤ ድንበር የተሻገርኩት በዚያ ነው። የመጀመሪያ ንግዴ ይኸው ነበር፤ አላከሰረኝም።

ይህን ሁሉ ለስልኩ ነገርኩ። ሳሮን አማርኛውን ግማሽ ግማሹን ሰማች። ቀሪውን በእንግሊዝኛ ከማታውቃት ሴት አፍ ሰማች። ልጄ አባቷን በአስተርጓሚ ተዋወቀችው። «አርዝሙ» ያልኩበት ቦታ ላይ ስልኩ ዝም አለ። ሐኪሟ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

«አለሁ ዶክተር» አለች ሴትዮዋ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ተረጎመችው።

ሐኪሟ ሁሉንም ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ብረቱ ሲገባ ቆመው ነበር ወይስ ተኝተው?» ተኝቼ አልኩ። አቅጣጫውን ምስሉ ላይ በጣቷ ለካች። «ይበቃኛል፤ እንሂድ» አለች። ያን ቀን የሚያጽናናኝ ሰው አልነበረም፤ የሚሠራ ሰው ግን ነበር።

አልጋዬን ሊገፉ ሲሉ ስልኩ ገና አልተዘጋም። ሴትዮዋ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፣ ማለት የማይፈቀድላትን ነገር አለች።

«ወንድሜ እግረኛ ጦር ነበር። ከሰሜን አልተመለሰም። ይማርዎት።»

መልስ ሳልሰጣት ዘጋች።

ላሚኔክቶሚ ሠሩልኝ፤ ከአከርካሪው ጀርባ አጥንት ቆርጠው፣ ብረቱንና በዙሪያው ያቆጠቆጠውን ሥጋ ማውጣት ነው። ስነቃ ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ። «ብረቱ ወጥቷል። ነርቮቹ ተጎድተዋል። ምን ያህሉ እንደሚመለስ አላውቅም። ማግኔቱ ነው ያንቀሳቀሰው? ይመስለኛል፤ ማረጋገጥ ግን አልችልም። ፎርሙ ላይ አለ ብለው ቢሆን እዚያ ማሽን ውስጥ አይገቡም ነበር። ይህን አረጋግጥልዎታለሁ።» ብረቱን ማየት ትፈልጋለህ ወይ አሉኝ። አልፈልግም አልኩ።

ሳሮን አሥራ አንድ ቀን አልመጣችም።

ገነት በየቀኑ መጣች። ሁሉንም ልነግራት አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

«ጀርባህን ሃያ አምስት ዓመት ያሸሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «የገበሬ ልጅ መሆኔን ረሳኸው? በሬ እንዲህ አይወጋም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ራስህ እስክትናገር ነዋ! ጌታ ይጠብቅ የለ? እኔም ጠበቅኩ። ከሱ ይልቅ እኔ ተቸገርኩ እንጂ።»

ሦስት ቀን ቆይታ፣ ልብሴን ስታጣጥፍ፣ ፊቷን ሳታዞር «የዚያ የሬድዮ ልጅ እናት ስንት ዓመት በር በሩን አየች ይሆን?» አለች። ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም። ብታነሣው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ መልሶ ማቋቋሚያ ሆስፒታል ተዛወርኩ፤ እዚያ ያሳለፍኩት ጊዜ ረጅም ስለነበረ አተራረኬም እንደዚያው ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ሁሉ በቀን አንድ ስንዝር የሚሄድ ነው። ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦ፣ በራሴ እጅ ማስገባት ተማርኩ፤ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ አንዲት የልጄ እኩያ ነርስ ሽንት መሽናት ስታስተምረኝ መጀመሪያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት ግን እንደ ደንበኛ ስለ ፕላስቲኩ ጥራት እከራከራት ጀመር። ፊዚዮቴራፒስቴ ጃማይካ የተወለደ ግዙፍ ሰው ነው፤ በሁለት አግዳሚ ብረቶች መካከል ያቆመኝና «ቦስ፣ ዛሬ ስንት ርምጃ ትሸጥልኛለህ?» ይለኛል፣ እኔም አራት እለዋለሁ፣ እሱ ስምንት ይላል፣ በስድስት እንስማማለን፤ ስድስቱን ስጨርስ «የመጨረሻ ዋጋ አልነበረም» ብሎ ሁለት ያስጨምረኛል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ገበያ ውስጥም አላየሁም። ቀኝ እግሬ ከሞላ ጎደል ተመለሰ። ግራው በፕላስቲክ ድጋፍ ይሄዳል። ፊኛዬ አልተመለሰም፤ አይመለስምም ብለውኛል።

ሳሮን በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣች። ኪሷ ውስጥ ጥያቄ ነበራት፣ እንዲያውም ስልኳ ላይ ጽፋዋለች። በመጣች ቁጥር አንድ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እመልሳለሁ። የመጀመሪያው «ሃው ሜኒ ፒፕል?» የሚል ነበር። አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው፤ ያን ቀን ምሽጉን ሄጄ ላየው እችል ነበር፣ አልሄድኩም። ያንን ሰምታ ወዲያው ተነሥታ ሄደች። ሌላ ቀን «እምቢ ብትል ምን ያደርጉህ ነበር?» አለችኝ። ይረሽኑኝ ነበር አልኩ። ትንሽ ፊቷ ሲፈታ አየሁና ሳትጠይቀኝ ጨመርኩ፤ «ያኔ ግን መረሸኑን አላሰብኩትም። ትእዛዙን በትክክል መፈጸሜን ነበር የማስበው።» ለማንም የማይጠቅም እውነት ነበር፤ ግን ጋራዥ ከፍቼ ጨርሻለሁ።

ለእናንተ የምላችሁ እነሆ። ብረት ካላችሁ፣ ፎርሙ ላይ አለ በሉ። ራጅ ሌላ ነው፣ ኤምአርአይ ሌላ ነው፤ ያኛው ያያል፣ ይኸኛው ይስባል። የእግር መደንዘዝ፣ የጣት አለመነሣትና የሽንት መቸገር አንድ ላይ ከመጡባችሁ ጸሎቱም ማሻሸቱም አይቅር፣ ግን በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ሐኪም ፊት ለልጃችሁ መንገር የማትችሉት ነገር ይኖራችኋል፤ የሚገድላችሁም እሱ ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚዋን ውሰዱ። የማን ወገን ናት ብላችሁ አትጠይቁ። የእኔዋ የሌላ ወገን አልነበረችም፤ ከዚያ የባሰ ነበረች፤ የእኔው ወገን እኅት ነበረች። ቃል አላጎደለችብኝም። ስሟን አላውቅም። እዚህ ከተማ ትሁን ሌላ ቦታ አላውቅም። ይህን ካነበበች፣ ያን ቀን ያልመለስኩላትን አሁንም መመለስ አልችልም፤ አመሰግናለሁ ብቻ ነው የምላት፤ ይህም ቃል እንደማይበቃ አውቃለሁ።

የስደቱን ፎርም ጉዳይ ለጠበቃ ሰጥቻለሁ። ገና አልተዘጋም። ይህን እንደምጽፍ ነግሬዋለሁ፤ ደስ አላለውም። ሐኪሟን፣ የጃማይካውን ሰው፣ የፊኛዬን ነገር በትዕግሥት ያስተማረችኝን ልጅ፣ ገነትንም አመሰግናለሁ።

ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን ሊወስደኝ የመጣው መኪና ውጪ ይጠብቃል። ሳሮን አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብላ የዚያን ቀን ጥያቄዋን አወጣች።

«አባ፣ እግርህ ደህና ቢሆን ኖሮ... ዩ ኖው፣ መራመድ ብትችል፣ ትነግረኝ ነበር?»

ደህና መልስ ነበረኝ። ሲያሻኝ ማንኛውንም ሰው የማሳምንበት ድምፅ አለኝ።

«አልነግርሽም ነበር» አልኳት።

አላለቀሰችም። ተንበርክካ ድጋፉን ግራ እግሬ ላይ አስገባች፣ ማሰሪያውን አጠበቀች፣ የጠበቀ መሆኑንም በጣቷ ሞከረች።

«ኦኬ» አለች። «አንሣው።»

ጣቶቼ አልተነሡም። ጉልበቴ ግን ተነሣ።